የለቅሶ ፈቃድ

የመዝናኛ ጉዞ እጣ አሁንም ሳይደርሰን ሲቀር ተምኪን፣ «እንግዲህ አንድ ሰው ይሙትልን!» አለ።

ቀልዱን ነው። ተምኪን ሁልጊዜ ቀልዱን ነው፤ ጣጣው እሱ የቀለደውን እኛ የምንሠራው መሆኑ ነው። እኔ አቤኔዘር እባላለሁ። ከአራታችን ውስጥ «ይቅርብን» የምለው እኔ ነኝ፤ ከዚያ ቀድሜ መኪና ውስጥ ተቀምጬ የምገኘውም እኔው ነኝ። የቀሩት ሶስናና ሕሊና ናቸው። አንድ ሰፈር አድገን፣ አንድ ትምህርት ቤት ተምረን፣ ዘንድሮ ተመርቀን ቤት ቁጭ ብለናል። አርባ ምንጭ ወርደን ሁለቱን ሐይቆች ማየት የመጀመሪያ ዓመት ተማሪዎች ሳለን ያወጣነው እቅድ ነው። እቅድ ካልነው ማለቴ ነው።

ያለ ፈቃድ ከከተማ የሚወጣ መኪና የለም። መኪኖቹ የሚሞሉበት መብራት ለሁሉም ስለማይዳረስ ፈቃዱ በእጣ ነው፤ አያቶቻችን ለኮንዶሚኒየም እጣ ይጠብቁ እንደነበረው እኛ ለሐዋሳ እንጠብቃለን። ከእጣ ነጻ የሆኑት ሰርግና ለቅሶ ብቻ ናቸው። በዚህ አገር ሰውን ከለቅሶ የሚያስቀር መንግሥት እስካሁን አልተወለደም።

ሰርጉን ሞክረነው ነበር። ሶስናና ተምኪን ሙሽሮች ሊሆኑ ተስማምተው ገና ምዝገባው ሳይጀመር በሚዜ ተጣሉ። ለቅሶው ግን የሚጠይቀው ሟች ብቻ ነው፤ ሟቹ የምንሄድበት ከተማ ነዋሪ ይሁን እንጂ ሌላ ጥያቄ የለም። አርባ ምንጭ የምናውቀው ሰው ስላልነበረ ነገሩ እዚያው ላይ ያበቃል ብዬ ተስፋ አድርጌ ነበር።

«እኔ አውቃለሁ» አለች ሕሊና።

ሁላችንም ማንን እንደምትል ገብቶናል። አባቷ አቶ ይርዳው እሷ ገና ትንሽ ልጅ ሳለች ለአንድ ወር ሥራ ብሎ አርባ ምንጭ ሄዶ እዚያው ቀረ። ጀልባ ይሠራል ይባላል። በየበዓሉ በስልክ ድምፁን ቀድቶ ይልክላታል፤ አንዱንም ከፍታ ሰምታ አታውቅም።

«ኧረ አፍሽን ያዝ አድርጊ!» አለቻት ሶስና። «በቁሙ ያለ ሰው?»

«ለእኔ ከሞተ ቆይቷል።»

«ሟርት ነው፣ ሕሊና። አባትሽ ነው።»

«አንቺ አባት ስላለሽ ነዋ የሚያስፈራሽ።»

ተምኪን ወዲያው ጣልቃ ገባ። የዓለም ገናን ኬላ እንዳለፍን መኪናዋን ወደ ተራ ጉዞ እንቀይራታለን፤ ሟቹም ይሰረዛል፤ ማንም አይጎዳም። የአጎቱ ልጅ እንዲህ አድርጎ ነው ላንጋኖ የሄደው። የተምኪን የአጎት ልጅ ያላደረገው ነገር የለም። እኔ «ይቅርብን» አልኩ፤ ከዚያ ቦርሳዬን ይዤ መጣሁ።

የምንነሳው በማለዳ ነበር። ሶስና ፀጉሯን ልትሠራ ሄዳ ረፋድ ላይ መጣች። ምሳ ይዞ የሚመጣው ተምኪን ነበር፤ ተምኪን ስፒከር ይዞ መጣ። ውኃ ማን እንደሚይዝ አልተነጋገርንም። እኔ የዓሣ መንጠቆ ይዣለሁ። ሕሊና የዋና ልብስና መነጽር ብቻ በፌስታል አንጠልጥላ ደረሰች። መኪናዋ ከፊታችን መጥታ ቆመችና ገባን።

«የጉዞው ምክንያት?» አለች መኪናዋ።

«ለቅሶ» አለች ሕሊና።

«የሟች ሙሉ ስም?»

ነገረቻት።

«እርስዎ ለሟች ምኑ ነዎት?»

«ልጁ።»

«እግዜር ያጥናዎት» አለች መኪናዋ። በሮቹ ጠቅ ብለው ተቆለፉ፤ በጎንና በጎን ያሉት መስኮቶች በጥቁር መጋረጃ ተሸፈኑ። ሶስና «ውይ!» ብላ ሳቀች። እኔም ሳቅኩ፤ ምን አደርጋለሁ።

ዓለም ገና ኬላ ላይ ጠባቂው ባርኔጣውን አውልቆ አንገቱን ደፋልን። ተምኪን ሳቁን ለማፈን ፊቱን ጉልበቱ ውስጥ ቀበረ፤ ጠባቂው የሚያለቅስ መስሎት ከንፈሩን መጠጠ። ኬላውን እንዳለፍን ተምኪን ተስተካክሎ ተቀመጠና ጉሮሮውን ጠረገ።

«ወደ ተራ ጉዞ ቀይሪ።»

«በለቅሶ ጉዞ ላይ ምክንያት አይቀየርም።»

«ተሳስተን ነው። የሞተ ሰው የለም።»

«ይህ በሐዘንተኞች ዘንድ የተለመደ ስሜት ነው» አለች መኪናዋ። «መጽናናቱን ይስጣችሁ።»

«ኧረ እውነቴን ነው! ሰውዬው አልሞተም!»

«ለቅሶውን መሰረዝ የሚችለው የሟች እድር ዳኛ ነው። ሞተ የተባለው ሰው በዳኛው ፊት በጣቱ ሲያረጋግጥ ለቅሶው ይሰረዛል። ከተሰረዘ ተሽከርካሪው ካለበት ቦታ ወዲያው ወደ ኋላ ይመለሳል።»

ተምኪን ወደ እኛ ዞረ። «የአጎቴ ልጅ ምናልባት ሌላ ዓይነት መኪና ይሆናል የያዘው» አለ።

መጀመሪያ ላይ ነገሩን በፀጋ ተቀበልነው። ሰውዬው በሕይወት አለ፤ እድርተኛው ድንኳን ሊተክል ሲሄድ በሩ ላይ ያገኘዋል፤ ሁለቱም ይሳደባሉ፤ ይሰረዛል፤ እኛም ከመንገድ እንመለሳለን። መቼም ቡታጅራ ሳንደርስ ያልቃል አልን። እንዲያውም ሶስና ያለ እጣ ተጉዘን በነጻ ቡታጅራን ማየታችን ራሱ ትርፍ ነው ስትል ተስማማንላት።

ዝግታው ግን ያበሳጫል። ሐዘንተኛን ማንገላታት ነውር ነው ተብሎ የለቅሶ መኪና በየከተማው ሲያልፍ የሚሄደው በእግር መንገደኛ ፍጥነት ነው ማለት ይቻላል። አህያ ቀደመን። ተምኪን ስፒከሩን ሊከፍት ሲል ስፒከሩ ዝም አለ። ስልኮቻችንም ዝም አሉ። ድሮ መርዶ በስልክ እየሰማ በየመንገዱ ልቡ ቀጥ ያለ ሰው በዝቶ ነበር፤ ስለዚህ መርዶ በማለዳ፣ በሽማግሌ፣ በወግ እንዲነገር ተብሎ የለቅሶ መኪና የተሳፋሪውን ስልክ ሁሉ ያጠፋል። በሩ የማይከፈተውም እንዲሁ ለእኛው ታስቦ ነው፤ ሐዘንተኛ መንገድ ላይ ወርዶ ራሱን መሬት ላይ እንዳይጥል። ማንም ክፉ አላሰበብንም። ያበድኩት በዚህ ነው፤ የምሰድበው ሰው እንኳን አጣሁ።

ሲርበን ከወንበሩ ሥር አንድ መሳቢያ ተከፈተ። ንፍሮ ነው። ስንዴና ባቄላ።

«ጨው አንሶታል» አለ ተምኪን፤ አብዛኛውን እሱ በላው።

ቡታጅራን ለቀን ስንወጣ መኪናዋ በዚያው ለስላሳ ድምጿ፣ «ለሐዘንተኞች መረጃ» አለች። «በሟች ስም የነበሩ አገልግሎቶች ተዘግተዋል። ውኃ፣ መብራት፣ የቤት ውስጥ ኦክስጅን። የምትከፍሉት ውዝፍ የለም።»

ሕሊና መነጽሯን ስትጠርግ ነበር። እጇ ቆመ።

«የምን ኦክስጅን?»

ተምኪን የያዘውን ንፍሮ አስቀመጠ።

«የምን ኦክስጅን ነው የምትለው?» ወደ እኔ ዞረች፤ እኔ ምን አውቄ። ወደ መኪናዋ ጮኸች። «የማን ኦክስጅን ነው የዘጋችሁት?»

«ሟች አቶ ይርዳው በመተንፈሻ ሕመም ምክንያት ሌትና ቀን የኦክስጅን ማሽን ይጠቀሙ ነበር። ማሽኑ በስማቸው የተመዘገበ በመሆኑ ከዛሬ ጀምሮ ለሌላ ሕመምተኛ ይተላለፋል። ስለ ልግስናችሁ እናመሰግናለን።»

እኔ የሰው ፊት እንዲያ ሲሆን አይቼ አላውቅም። ሕሊና መጀመሪያ በሩን በእጇ መታች፤ ከዚያ በክርኗ፤ ከዚያ ወንበሩ ላይ በጀርባዋ ተንጋላ በሁለት እግሯ መርገጥ ጀመረች። ተምኪን ስፒከሩን አንሥቶ መስታወቱን ደበደበ። ስፒከሩ ተሰበረ። መስታወቱ እንዳለ ነው። ሶስና ማልቀስ ጀመረች፤ መኪናዋ አየሩን አቀዝቅዛ፣ «ማልቀስ ያቀላል» አለችና ሶፍት አወጣች።

«ይሰረዛል» አልኳት ሕሊናን። ትከሻዋን ይዣለሁ። «እድርተኛው አሁን አጠገቡ ነው። ያዩታል፤ ጣቱን ያስነኩታል፤ እንመለሳለን። መኪናዋ ዞረች ማለት ዳነ ማለት ነው፤ ገባሽ? መኪናዋን ብቻ እያት።»

ለማጽናናት ያልኩት ነገር ነው። ምላሴን በቆረጠው ኖሮ! ከዚያ በኋላ አራታችንም ከፊት መስታወቱ ላይ ዓይናችንን ተክለን መኪናዋ እስክትዞር መጠበቅ ሆነ ሥራችን። መንገዱ ትንሽ በጠመዘዘ ቁጥር ሶስና «ዞረች!» ትላለች። አልዞረችም። ኩርባ ነው።

ተምኪን ዝም ማለት አይችልምና፣ «እኔኮ ሰው ኦክስጅን ላይ መሆኑን በምን አውቄ» አለ። «እኔ ጠንቋይ ነኝ?»

«አንተማ ጠንቋይ አይደለህም፤ የአጎትህ ልጅ ነው ጠንቋዩ» አለችው ሶስና።

«አንቺ ፀጉርሽን ባትሠሪ ኖሮ ይሄኔ ደርሰን ነበር!»

«ብንደርስ ኖሮ? ቀድመን ብንነሳ ቀድመን ነበራ የምንገድለው!»

«ዝም በሉ!» አለች ሕሊና። «ስሙን የጠራሁት እኔ ነኝ። እናንተ ምን ታደርጋላችሁ። የአፍ ወለምታ በቅቤ አይታሽም ይባል የለ» ብላ ልትስቅ ሞከረች፤ አፏ ግን አልታዘዝ አላት።

ሆሳዕና ላይ ሐዘንተኛ የሚያርፍበት ግቢ አለ። ዙሪያው ታጥሯል፤ መኪናዋ ውስጥ ገብታ ከኋላዋ በሩ ሲዘጋ የእኛ በር ተከፈተ። ሶስና ወደ መጸዳጃ ሮጠች። ሕሊና ወደ ጠባቂው ሮጠች። ጎልማሳ ሰው ነው፤ ደግ ፊት አለው።

«አባቴ አልሞተም!» አለችው። «በእግዜር፣ ይሄን ለቅሶ አሰርዝልኝ! በሕይወት አለ፤ እኔ ነኝ ውሸት የተናገርኩት!»

ሰውዬው ዓይኑ እንባ አቀረረ። እጇን በሁለት እጁ ያዘ።

«እህቴ፣ እኔም እናቴ ስታርፍ ይሄንኑ ነበር ያልኩት። ተኝታ ነው እንጂ አልሞተችም ብዬ ሰው አስቸግሬያለሁ። አይዞሽ። የሰው ልጅ ዕጣው ነው።»

«አትሰማኝም እንዴ? ኦክስጅኑን ዘግተውበታል! ስልክህን ስጠኝ። አንድ ጊዜ ብቻ ልደውል።»

«መርዶ በስልክ?» ሰውዬው ከልቡ ደነገጠ። «ኧረ ነውር ነው፣ እህቴ። ዘመዱ ሁሉ ገና አልተረዳም። ነገ በማለዳ ሽማግሌ ሄዶ ይነግረዋል። አንቺ ብቻ በርቺ።»

እኔም ተናገርኩት። ተምኪንም ማለለት። ሰውዬው ሦስታችንንም በየተራ ትከሻችንን መታ መታ አድርጎ አጽናንቶን፣ ውኃ ሰጥቶን፣ ሕሊናን ደግፎ ራሱ መኪና ውስጥ አስገባት። በሮቹ ተቆለፉ። እጁን ደረቱ ላይ አድርጎ እስክንርቅ ድረስ ቆሞ ሸኘን። ክፉ ሰው ቢሆን ኖሮ በቦክስ እለው ነበር፤ ደግ ሰውን ምን ታደርገዋለህ?

ከሆሳዕና በኋላ ነገሩ ተለወጠ። እስከዚያ ድረስ መኪናዋ ያልዞረችው እድርተኛው ስለዘገየ ነው እንል ነበር። ከዚያ በኋላ ግን ሌላ ሐሳብ ገባ። እድርተኛው ደርሶ፣ ድንኳን ተክሎ፣ ሰውዬውን ካየ በኋላም ለቅሶው ካልተሰረዘ፣ የሚሰረዝ ነገር አልቀረም ማለት ነው። ይህንን ማናችንም ጮክ ብለን አልተናገርንም። ተምኪን እንኳን አልተናገረም።

ሕሊና የጠፋውን ስልኳን በመዳፏ ይዛ ቁጭ አለች።

«ሁሉም እዚህ ውስጥ ናቸው» አለችኝ በዝግታ። «የላከልኝ ድምፆች። አንድም አላጠፋሁም፣ ታውቃለህ? አልከፍታቸውም እንጂ አላጠፋኋቸውም። አንድ ቀን ከፍቼ እሰድበዋለሁ ብዬ ነው።»

«ትሰድቢዋለሽ» አልኳት።

«ድምፁ እንዴት እንደሆነ ረስቼዋለሁ፣ አቤኒ።»

ጥፋቱ የእሱ እንደሆነ ሁላችንም እናውቃለን፤ ልጁን ጥሎ የሄደ ሰው ነው፤ በደለኛ ነው። በደለኛ አባት ግን አየር እንዳይተነፍስ ተብሎ የተፈረደበት የት አገር ነው? እጇን ያዝኩ፤ ሶስና በዚያ በኩል ያዘቻት፤ ተምኪን ከፊት ወንበር ዞሮ ጉልበቷ ላይ እጁን ጣለ። እንደዚያ ሆነን ሶዶ ደረስን።

ሶዶ ኬላ ላይ መኪናዋ ቆመች። ጠባቂዋ ወጣት ሴት ናት፤ ነጠላዋን ዘቅዝቃ ለብሳለች፣ ሥራዋ ነው። እኛ ትንፋሻችንን ይዘናል። ተመለሱ በይን፣ ተመለሱ በይን፣ በማርያም! ሴትዮዋ ፊታችንን አይታ፣ «እግዜር ያጥናችሁ፣ መንገዱ ክፍት ነው» አለችን። መንገዱ ክፍት ነው የሚለው ቃል እንዲያ እንደሚያም አላውቅም ነበር።

ሕሊና ከዚያ በኋላ አላለቀሰችም። የአባያ ሐይቅ በግራ በኩል ብቅ ሲል ተምኪን በልማዱ «ያው!» ሊል አፉን ከፍቶ መልሶ ዘጋው። የመጣንለት ሐይቅ ነው። ማንም አላየውም።

ፀሐይ ልትጠልቅ ስትል አርባ ምንጭ፣ ሲቀላ ሰፈር ገባን። መኪናዋ አንድ ጠባብ መንገድ ይዛ ሄዳ ሄዳ አንድ የቆርቆሮ አጥር አጠገብ ቆመች። ድንኳን ተተክሏል። ሰው ውጭም ውስጥም ተቀምጧል፤ ሴቶቹ ነጠላ ዘቅዝቀዋል። በሮቹ ሲከፈቱ ሕሊናን ሶስናና እኔ ደግፈን አወረድናት። ሰዉ ሁሉ ብድግ አለ። የሚያለቅስ ግን የለም። ሁሉም እኛን ያያል፤ እሷን ብቻ ያያል።

ከድንኳኑ መሃል አንድ ቀጭን ሰው ወንበር ላይ ተቀምጧል። ብርድ ልብስ ደርቦ፣ ሁለት ሴቶች በጨርቅ ያራግቡለታል። ከንፈሩ ጠቁሯል፤ ደረቱ ከፍ ዝቅ ሲል ከሩቅ ይታያል። ሕሊናን እንዳየ ሊነሳ ሞከረ። አልቻለም።

«መጣሽ?» አለ።

በሕይወት አለ። ሶስና እዚያው መሬት ላይ ቁጭ ብላ እንደ ሕፃን ድምፅዋን አውጥታ አለቀሰች። ተምኪን «ያ አላህ! ያ አላህ!» እያለ ያገኘውን ሰው ሁሉ ያቅፋል። ሕሊና ግን ቆማ ቀረች።

ከጎኑ የተቀመጡት ሽማግሌ ተነሡ። የእድሩ ዳኛ አቶ ቶማ ናቸው። ማረጋገጫዋን መሣሪያ በእጃቸው ይዘዋል።

«ልጄ፣ ነይ ለምኝልኝ» አሏት። «ከረፋድ ጀምሮ ጣትህን አስነካ እያልኩ እግሩ ላይ ወድቄያለሁ። አንድ ጊዜ ቢነካት ማሽኑ ይከፈትለት ነበር። የመጠባበቂያዋ ሲሊንደር ካለቀች ቆይታለች። እምቢ አለኝ! ሰው በቁሙ ድንኳን ውስጥ ተቀምጦ የገዛ ለቅሶውን ሲጠብቅ አይቼም ሰምቼም አላውቅ።»

ሕሊና ወደ አባቷ ሄደች። ፊቱ ተንበረከከች።

«ለምን?» አለችው።

አቶ ይርዳው መልሱን ለማውጣት ብዙ ጊዜ ተነፈሰ።

«በዚህች መሣሪያ ላይ ስምሽ መጣ። በመንገድ ላይ ነች ይላል።» እንደገና ተነፈሰ። «ብሰርዘው... ይመልሱሻል።»

ድንኳኑ ውስጥ የነበሩት ሴቶች ያን ጊዜ አለቀሱ። እኔም ፊቴን አዞርኩ። ከሆሳዕና ጀምሮ መኪናዋ ባለመዞሯ ሞተ ስንል ለካ ሰውዬው በዚህች ጣት ይዞ ነው የጎተተን!

«ሞኝ!» አለች ሕሊና። ከዚያ ጮኸች። «ብትሞትስ? ሞኝ! ብትሞትስ ኖሮ? እኔኮ አንተን ብዬ አይደለም የመጣሁት! ልዋኝ ነው! ለመዋኘት ነው የገደልኩህ!» ደረቱን ልትመታ እጇን አንሥታ ነበር፤ የሚመታ ደረት አልነበረውም። ግንባሯን ጉልበቱ ላይ ደፋች።

እሱ እጁን ፀጉሯ ላይ አሳረፈ። «ይሁን» አለ። «መጥተሻል።» ወደ እኛ ቀና ብሎ ደግሞ፣ «በልታችኋል?» አለን።

ሕሊና ቀኝ እጁን ይዛ፣ ጣቱን ለይታ፣ አቶ ቶማ የያዙት መሣሪያ ላይ ራሷ ጫነችው። ከቤቱ ውስጥ መብራት በራ። ማሽኑ መንዘር ጀመረ። ሴቶቹ ቱቦውን አምጥተው አፍንጫው ላይ አደረጉለት፤ ከንፈሩ ወደ ሰው ከንፈር እስኪመለስ ሕሊና እጁን አልለቀቀችም።

ከአጥሩ ውጭ መኪናዋ ድምፅ ሰጠች። «ለቅሶው ተሰርዟል። እንኳን ደስ ያላችሁ። ተሽከርካሪው ይመለሳል፤ እባካችሁ ተሳፈሩ።»

አቶ ቶማ፣ «ሂዱ ልጆቼ» አሉን። «ኬላው ያለ ፈቃድ ካገኛችሁ እስር ነው።» ሦስታችን ወደ ሕሊና አየን። አባቷ አጠገብ ምንጣፍ ላይ ተቀምጣ ቱቦው እንዳይታጠፍ በእጇ ይዛለታለች። ቀና ብላ አየችን፤ ጭንቅላቷን ነቀነቀች። አትመጣም። ሶስና ሄዳ ሳመቻት። እኔ፣ «ሰድበሽዋል እኮ» አልኳት። «ገና ነኝ» አለችኝ።

ገባን። በሮቹ ጠቅ ብለው ተቆለፉ። መኪናዋ ግን አልተንቀሳቀሰችም።

«አንድ ተሳፋሪ ይጎድላል» አለች። «ምክንያት ይምረጡ። ሞት። እስራት። ጋብቻ።»

ተምኪን መልስ ሊሰጥ እጁን ሲያነሳ ሶስና መታችው። «እሷን ደግሞ ልትገድል ነው?»

«ኧረ ጋብቻ ልላት ነው!» አለ፤ እጁን ግን መለሰ። ማንም አልሳቀም። ውሸት እንዴት አድርጎ እንደሚሄድ ዛሬ ቀኑን ሙሉ አይተናል። በፊት መስታወቱ በኩል ድንኳኑ ይታያል፤ ሰውዬው አንድ ነገር ይላታል፣ እሷ ጎንበስ ብላ ጆሮዋን ትሰጠዋለች።

«ምክንያት ይምረጡ» አለች መኪናዋ።

«አባቷ ጋ ናት» አለ ተምኪን።

«ምክንያቱ አልታወቀም። ሞት። እስራት። ጋብቻ።»

«አባቷ ጋ ናት!» አለች ሶስና።

«ምክንያቱ አልታወቀም።»

በሩን ሞከርኩት። እንደተቆለፈ ነው። መለስኩና ተደላድዬ ተቀመጥኩ።

«አባቷ ጋ ናት» አልኳት እኔም።